ስንቅ አለ፣ ትጥቅ የለም

ጥንት ሰው ዘመቻ ሲወጣ ሁለት ነገር ይዞ ነበር የሚወጣው፤ ስንቅና ትጥቅ። ስንቁን ሚስት ታሰናዳለች፤ በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ቋንጣው፣ ጭኮው። ትጥቁን ባል ራሱ ያያል። ከሁለቱ አንዱን የረሳ ሰው ዘመተ አይባልም፤ ወይ ለረሃብ ወይ ለጠላት ራሱን አስረከበ ነው የሚባለው። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር፣ ቋንቋችን አጋብቶ ስለሚያኖራቸው ጥንድ ቃላት ስናወራ ይቺን ጥንድ ሳላነሳት አልቀርም ነበር፤ ቤት ትመታለች፣ ትርጉሟም ሙሉ ነው።

ዛሬ ያነሳኋት ግን ስለ ዘመቻ ላወራ አይደለም። ስለ ቅዳሜና እሁድ ላወራ ነው። ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ ሕፃናቱን ጭኖ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ላንጋኖ ስለሚወርደው የአዲስ አበባ ሰው።

ዓርብ ማታ እንዲህ ያለ ቤት ጎራ በሉና እዩ። ግቢው ሠርግ ያለበት ይመስላል። ዶሮ ወጡ በትልቁ ድስት ተከድኗል። ክትፎው ከነአይቡና ከነጎመኑ ተሰናድቷል፤ ቅቤው ለብቻው በብልቃጥ። እንጀራው "አይበቃም" ተብሎ በላስቲክ ተደርቧል። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉት ሲኒዎች፣ የዕጣን ማጨሻው፣ ከሰሉ፣ ማንደጃው። ቄጠማ ሳይቀር! ቄጠማ ወደሚበቅልበት ውሃ ዳር ቄጠማ ገዝተን ይዘን የምንሄድ ሕዝብ ነን። አንድ ሳጥን ቢራ፣ አንድ ሳጥን ለስላሳ፣ ሰፈር የሚያናውጥ ስፒከር። አሁን አሁን ደግሞ የቤተሰቡ ስምና ዓመተ ምሕረቱ የታተመበት አንድ ዓይነት ካናቴራ ለሁሉም ይሠራል፤ የስምንት ወሯ ሕፃን ጭምር አላት።

የልጆቹ ሻንጣስ? እሱም ሞልቷል። ለፎቶ የሚሆን ቀሚስ፣ ለእራት የሚሆን ቀሚስ፣ የቆዳ ጫማ፣ ዳይፐር፣ ጡጦ፣ ቺፕስ፣ ልጁ መንገድ ላይ እንዳያስቸግር ታብሌት። እናቲቱ ከሐሙስ ጀምሮ እግሯ አላረፈም። አባት ስፒከሩ ቻርጅ መደረጉን ያረጋግጣል።

"ጀልባ ላይ ትወጣላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

"እንዴታ! ልጆቹ ጉማሬ ሳያዩ ሊመለሱ ነው?"

"ላይፍ ጃኬትስ?"

ዝምታ። ከዚያ "እዚያው ይኖር የለ" የምትል መልስ። ትኖራለች ወይ? አንዳንድ ቦታ ትኖራለች፤ ለትልቅ ሰው። ለሦስት ዓመት ልጅ የምትሆነውን ግን ፈልጎ ማግኘት እንደ ዕድል ነው። የዕቃውን ነገር ተዉት፤ ሕዝቡ የተቀበለው የአማርኛ ስም እንኳ አላወጣንለትም። እኔ ትጥቅ ብዬዋለሁ። ደግሞስ ከወገብና ከደረት የሚታጠቁት ነገር ትጥቅ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ይህ ጽሑፍ ሽርሽርን ለማጥላላት አይደለም። ልጅን ከኮንዶሚኒየም አውጥቶ ውሃና ሰማይ ማሳየት ከትምህርት ቤት የሚበልጥ ትምህርት ነው። ጠቤ ከጓዙ ጋር ነው። ጓዝ የባለቤቱን ሐሳብ ይናገራል፤ ሰው የሚፈራውን ነገር ይዞ ይወጣል። እኛ የፈራነው መራብን ነው፤ ከዚያ ደግሞ "ምን ይዘው መጡ?" የሚለውን ሐሜት። ውሃውን አልፈራነውም። ልጁ የሚቀመጠው ግን ውሃው ላይ ነው።

ለመሆኑ ውሃው ምን ያህል ውሃ ነው? የቢሾፍቱ ሐይቅ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ሰማንያ ሜትር ያልፋል፤ ከዳር ጥቂት እርምጃ ራቅ ሲሉ ቁልቁል ነው። የሐዋሳው ከዚያ በብዙ ይቀላል፤ ሃያ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ጥልቀቱ ከአሥራ አምስት ሜትር ብዙም አይዘልም። ይህን የምጽፈው ላስፈራራ አይደለም፤ ቁመቱ ዘጠና ሴንቲ ሜትር ለሆነ ልጅ ሰማንያውም ሃያውም አንድ ነው። አንድ ሜትር ከበቂ በላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት እንደገመተው፣ በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ውሃ በልቷቸዋል። ከአራቱ አንዱ ገደማ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ የሞቱት ደግሞ እንደኛ ባሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። ሁሉም ጀልባ ላይ ሞቱ ማለት አይደለም፤ ጉድጓድ አለ፣ ኩሬ አለ፣ ወንዝ አለ፣ በርሜል አለ። ውሃ ግን ውሃ ነው።

"ዓይኔን አልነቅልበትም" የሚል አባት አውቃለሁ። ቅን ሰው ነው። ነገር ግን ልጅ ሲሰጥም ፊልም ላይ እንዳየነው "እርዱኝ" ብሎ አይጮህም፤ እጁንም አያውለበልብም። አፉ ከውሃው ብቅ ሲል አየር ለመሳብ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ለጩኸት አይተርፈውም። እጆቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ይጫናሉ፤ ለሚያይ ሰው የሚጫወት ይመስላል። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። አባት በዚያች ደቂቃ ውስጥ ምን እያደረገ ነው? ሰልፊ እየተነሳ ነው። ወይም ጉማሬው በየት በኩል ብቅ እንዳለ በጣቱ እያሳየ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚለውን አባባል ያወጡት አበው ሰልፊ አያውቁም ነበር፤ ነገሩን ግን ያውቁታል።

ሰዓቱም ሌላ ጉድ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም ጣናም ጠዋት ጠዋት እንደ መስተዋት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ይጀምራል። ይህን ማንኛውም ዓሣ አጥማጅ ይነግራችኋል። የኛ ቤተሰብ ታዲያ ጀልባ የሚወጣው መቼ ነው? ክትፎው ተበልቶ፣ ቢራው ተጠጥቶ፣ ቡናው እስከ በረካ ተፈልቶ፣ በአሥር ሰዓት! ስንቁ ራሱ ሰዓቱን ወሰነልን ማለት ነው።

አሁን የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። "እኛ በምን ጃኬት ነው ያደግነው?" ይህ "እኛ ያደግነው" የሚባል ክርክር ለቀበቶም ይመጣል፣ ለክትባትም ይመጣል፣ ለሁሉም ይመጣል። የሚከራከረው ሁልጊዜ ያደገው ነው፤ ያላደገው መጥቶ አይከራከርም። "የጣና ልጅስ? በታንኳ ላይ አይደለም እንዴ የሚያድገው?" ትክክል። የጣና ልጅ ውሃን የሚያውቀው እንደ ጎረቤት ነው። መቼ እንደሚቆጣ ያውቃል፣ ይዋኛል፣ አባቱም ይዋኛል። ታንኳው ደግሞ ከደንገል የተሠራ ነው፤ ደንገል ራሱ ይንሳፈፋል፤ ቢገለበጥ እንኳ የሚጨበጥ ነገር አለ። የአዲስ አበባ ልጅ ውሃን የሚያውቀው በጀሪካን ነው፤ እሱም በሳምንት ሁለት ቀን። አባቱም መዋኘት አይችልም፤ እናቱም አትችልም፤ ጀልባው ላይ ካሉት አሥራ ሁለት ሰዎች የሚዋኘው ባለጀልባው ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሰው ለማውጣት እሱ ስንት እጅ አለው?

ሌላው መልስ "እግዜር ያውቃል" ነው። እሱማ ያውቃል። ክትፎው እንዳይጎድል ግን ለእሱ አልተውንለትም፤ ራሳችን ሄደን በኪሎ አስመዝነናል።

የአጎቴ ልጅ ሚስቱንና ሦስት ሕፃናት ይዞ ከማያሚ የመዝናኛ መርከብ ተሳፍሮ ነበር። ዘፈን አይጠፋውምና ስለ ምግቡ ብዛት ብዙ ነገረኝ፤ እኔ የቀረኝ ስለ ጓዙ የነገረኝ ነው። ትልልቁ ሻንጣ ወደብ ላይ ተወስዶ ክፍል የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ ልጅ ያለው ሰው መድኃኒቱን፣ መዋኛ ልብሱን፣ ቅያሪውን በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ለይቶ ይይዛል። ዳይፐር የታጠቀ ሕፃን እንደ ልቡ መዋኛ ገንዳ አይገባም፤ ለሕፃናት ብቻ የተለየ ቦታ ካለ እዚያ ነው። ልጆቹ እጃቸው ላይ አደጋ ቢመጣ በየትኛው መሰብሰቢያ እንደሚቆሙ የሚያሳይ አምባር ታስሮላቸዋል። የአደጋው ምልክት ሰባት አጭር ጩኸትና አንድ ረጅም ነው፤ የአምስት ዓመቱ ልጅ እስከ ዛሬ በአፉ ያሰማል። የልክ ነገር ደግሞ አለ። በዓለም አቀፉ ደንብ ላይፍ ጃኬት በክብደት ይከፈላል፤ ከ15 ኪሎ በታች የሕፃን፣ ከ15 እስከ 43 ኪሎ የልጅ፣ ከዚያ በላይ የአዋቂ። መርከቡም ለልጆች የሚሆነውን ቢያንስ ለተሳፋሪው አሥር በመቶ ያህል የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ልጆቹ ከዚያ ከበዙ ለእያንዳንዳቸው።

"ፈረንጅ መቼም ይጨነቃል" እንዳትሉ። ፈረንጅ ይህን የተማረው በልቡ ደግነት አይደለም፤ በሬሳ ነው። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ስትሰምጥ ከ2,200 በላይ ሰው ጭና የነፍስ አድን ጀልባዎቿ የሚይዙት 1,178 ብቻ ነበር። የባሕር ላይ ደኅንነት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1914 የተፈረመው ከዚያ ወዲህ ነው። ኮስታ ኮንኮርዲያ ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ጣሊያን ዳርቻ ዐለት ገጭታ 32 ሰው ሲሞት፣ በዚያው ቀን የተሳፈሩት መንገደኞች የአደጋ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ ደንቡ እስከ 24 ሰዓት ይፈቅድ ነበራ። ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ወይም እንደተነሳች ወዲያው ሆነ። ሌላው ሕዝብ በሬሳ የገዛውን ዕውቀት በነጻ ቢያቀብሉን እንኳ "አይ፣ እኛ በራሳችን ሬሳ እንገዛለን" የምንል እንመስላለን።

በዚህ ላይ ሳቁ አለ። ከሁሉም የሚያበሽቀኝ እሱ ነው። ዋሽንግተን የምትኖር የእህቴ ልጅ ሁለት ሕፃናት ይዛ ስትመጣ፣ ለእያንዳንዳቸው በልካቸው የተሠራ ላይፍ ጃኬት ሻንጣ ውስጥ ይዛ መጣች። አንገት የሚደግፍ ትራስ ያለው፣ በእግር መሃል የሚያልፍ ቀበቶ ያለው፣ ከኋላ ደግሞ ልጁን ከውሃ አንጠልጥሎ ለማውጣት ማንጠልጠያ ያለው። እዚያ አገር ከ2002 ጀምሮ የራሱ ደንብ በሌለው ግዛት ሁሉ፣ በሚንቀሳቀስ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከጀልባው ቤት ውስጥ ካልተቀመጠ በቀር ሳይታጠቅ እንዳይሄድ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። ልጅቷ የለመደችውን ነው ያደረገችው። ቤተሰቡ ምን አለ? "ሐይቅ ልትሄጂ ነው ወይስ ጦር ሜዳ?" አንዷ አክስት ደግሞ ጃኬቶቹን በእጇ እየመዘነች፣ "በዚህ ቦታ ስንት ጫማ ይመጣ ነበር!" አለች። ያ ሁሉ ሻንጣ ለልጆቹ በተሰጠ ኪሎ የመጣ ነው። ሽቶው፣ ጫማው፣ ቫይታሚኑ፣ የማንም የማንም አደራ በሁለት ሕፃናት ኪሎ ተጭኖ ሲመጣ ያልከበደ፣ የልጆቹ የራሳቸው ሁለት ጃኬት ከበደ!

ልጅቷ ግን አልተበገረችም፤ ተመስገን። ልጆቿን አስታጥቃ ጀልባ ላይ ወጣች። የኛዎቹ ልጆች ባዶ ደረታቸውን እነዚያን እያዩ "እማዬ፣ የኔስ?" ሲሉ ሰማሁ። እናቶቹ መልስ አልነበራቸውም። ልጅ የጠየቀውን ጥያቄ በቺፕስ ዘጉት።

ሌላም የቀረ ጓዝ አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከወባ ጠብቋታል፤ ሐይቆቹ ግን ቆላ ቀመስ ናቸው። ወባ ትንኝ ከነከሰች በኋላ ትኩሳቱ የሚመጣው ቢያንስ ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ቤተሰቡ ተመልሶ፣ ካናቴራው ታጥቦ፣ ጉዞው ተረስቶ። ሐኪሙ "የት ሄዳችሁ ነበር?" ካላለ እናት አታስታውሰውም። አጎበርና ትንኝ የሚያባርር ቅባት ስፒከሩ ከሚይዘው ቦታ ሩቡን አይወስድም። ለተቅማጥ አንድ ሁለት ከረጢት ኦአርኤስ ኪስ ውስጥ ይገባል። ጣናም ሐዋሳም ዳርቻቸው ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ "እግሩን ይንከር፣ ደስ ይበለው" ከማለት በፊት ማሰብ ነው። ኮፍያ ደግሞ ለሕፃን ፋሽን አይደለም፤ ከውሃው የሚያንጸባርቀውን ፀሐይ መከለያ ነው።

ወደ ትጥቁ ልመለስ። ገዝቶ መያዝ የሚችል ሰው ይግዛ፤ ቢራውን በግማሽ ቢቀንስ ከገንዘቡ ጥቂቱ ይሸፈናል። ዕቃው ደግሞ ለአንድ ልጅ ብቻ አይደለም፤ እንደ ሠርግ ድንኳን ከቤት ቤት መዞር ይችላል። በየዕድሩ ስንት ድስትና ስንት ወንበር አለ! ለሐዘን የሚሆን ዕቃ በጋራ ገዝተን ማስቀመጥ የምንችል ሰዎች፣ ሐዘን እንዳይመጣ የሚያደርገውን አራት ጃኬት በጋራ መግዛት እንዴት ያቅተናል? መሞከሪያውም ቀላል ነው። ልጁን አልብሳችሁ፣ ቀበቶውን አጥብቃችሁ፣ ጃኬቱን ከትከሻው በኩል ወደ ላይ ሳቡት። አገጩንና ጆሮውን አልፎ ከወጣ ልኩ አይደለም፤ ውሃ ውስጥም እንዲሁ ሾልኮ ጃኬቱ ለብቻው ይንሳፈፋል። የትልቅ ሰው ጃኬት ለልጅ ማልበስ አለማልበስ ነው። ክንድ ላይ የሚነፋው ፊኛና የመኪና ጎማም መጫወቻ ናቸው እንጂ ትጥቅ አይደሉም።

ሆቴሎቹስ? አንዱ ሆቴል ለልጅ ተጨማሪ አልጋ አስከፈለን፣ ለልጅ ቁርስ አስከፈለን፣ ዥዋዥዌውን በኩራት አሳየን። ጀልባው የሆቴሉ ነው። የልጅ ጃኬት ስንጠይቅ እንግዳ ተቀባይዋ ደንግጣ "እሱን እንኳ የጠየቀን የለም" አለች። ሕግ የለም አይባልም። የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549 በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጅ ግን ራሱ ሐይቅ ዳር ወርዶ ጃኬት አይቆጥርም። የመኪና ቀበቶ ያሰርነው እኮ ትራፊክ ፖሊሱ ስለቆመ ነው፤ ሐይቁ ዳር የቆመ ፖሊስ የለም። እዚያ ፖሊሱ ወላጅ ነው።

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የሌለን ሕዝብ ነን። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በየካፌው ስለ ባሕር በር የማይከራከር የለም፤ ማኪያቶ ይዘን ቀይ ባሕርን በጣታችን ጠረጴዛ ላይ እንስላለን። ይሁን፤ ክርክሩ የራሱ ቦታ አለው። እኔ ግን እነዚያኑ ተከራካሪዎች እሁድ ከሰዓት አሥራ ሁለት ሰው በምትይዝ ጀልባ ላይ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ያለ ምንም ነገር ሲሄዱ አያቸዋለሁ።

አንድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር ባለጀልባ አነጋግሬ ነበር። ወጣት ነው፣ ሠርቶ የሚበላ።

"የልጅ ላይፍ ጃኬት የለህም?" አልኩት።

"ነበረኝ ጋሼ፣ ሁለት። ማን ይጠይቃል? ልበሱ ስል 'ፎቶ ያበላሻል' ይሉኛል።"

"ታዲያ የት ደረሱ?"

"አንዱን መቀመጫ አደረግነው፣ ወንበሩ ደረቅ ነው ስላሉ። አንዱ ያው እዚያ ነው" ብሎ ወደ ጀልባው ጀርባ አሳየኝ። ብርቱካንማ ጃኬት፣ ከነቀበቶው፣ ሞተሩ ላይ ታስሯል። "ፀሐይና ዝናብ እንዳይመታው ነው ጋሼ። ሞተር ውድ ነው።" ትንሽ ዝም አለና "ላውልቀው?" አለኝ።

አውልቀው አልኩት። ከኋላችን ሁለት ሕፃናት የያዘ ቤተሰብ ተራውን እየጠበቀ ነበር።